ቢሳካልንስ? የአርሲ ስንዴ ስለ መሥሪያ ቤቶች ስጋት የሚነግረን

እስቲ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ላይ ናችሁ እንበል። ቦታው ጮሌ ነው፤ ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ አርሲ ደጋ ላይ። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አዲስ ባለሙያ ሆናችሁ ተቀጥራችኋል። ኃላፊያችሁ የዓመቱን ዕቅድ ረቂቅ ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጠው «የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ ጨርሱልኝ» ይላሉ። ገጿን ስትገልጡ ርዕሷ «ሊያጋጥሙ የሚችሉ ስጋቶችና የመፍትሔ አቅጣጫዎች» ይላል። ከሥሩ ባዶ ሠንጠረዥ አለ።

ምን ትጽፋላችሁ? ብዙ ሰው የሚያደርገው የአምናውን ዕቅድ አውጥቶ መገልበጥ ነው። «የበጀት እጥረት፤ የተሽከርካሪ እጥረት፤ የባለሙያ መልቀቅ፤ የዝናብ መቆራረጥ።» በትይዩው ደግሞ መፍትሔ፦ «ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመነጋገር መፍታት።» አለቀ። ፋይሉ ይዘጋል።

ይቺ ገጽ ብዙም ሳትነበብ ትታለፋለች። ነገር ግን አንድ የሕዝብ መሥሪያ ቤት ዓላማው ላይ ይደርስ እንደሆነ ወይም በመንገድ ላይ ይቀር እንደሆነ ከሌሎቹ ገጾች ሁሉ ቀድማ ልትነግረን የምትችለው እሷ ናት። አርሲ ውስጥ ደግሞ የዚህችን ገጽ ዋጋ የሚያሳዩ ሁለት እውነተኛ ታሪኮች አሉ። ሁለቱም ስለ ስንዴ ናቸው። ሁለቱም የሚጀምሩት በስኬት ነው። የሚገርመውም ይኸው ነው።

ስጋት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ሰጋሁ» ስንል ፈራሁ ማለታችን ነው። በድርጅት አመራር ሳይንስ ግን ቃሉ ጠበቅ ያለ ትርጉም አለው። አይሶ 31000 የሚባል ዓለም አቀፍ የስጋት አስተዳደር መመሪያ አለ፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን በ2018 ተሻሽሏል። ሐሳቡን በራሳችን ቋንቋ ስናስቀምጠው፣ ስጋት ማለት በእርግጠኝነት የማናውቀው ነገር ዓላማችን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው።

«ዓላማ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ዓላማ ከሌለ ስጋት የለም። ጥቅምት ላይ ሌሊት ውርጭ ቢጥል፣ ከተማ ውስጥ ላለ ግብር ሰብሳቢ ብርድ ነው፤ በቃ፣ ጋቢ ይደርባል። ገና ያልደረሰ ገብስ ማሳ ላይ ላለው ገበሬ ግን ያው ውርጭ ስጋት ነው። ውርጩ አንድ ነው፣ የተለያየው ዓላማው ነው።

ሌላው መለየት ያለብን ስጋትንና ችግርን ነው። «መኪናችን ተበላሽቷል» ችግር ነው፤ ሆኗል፣ አልፏል። ስጋት ገና ያልሆነ ነገር ነው። ጥሩ የስጋት ዓረፍተ ነገር ሦስት ክፍል አለው፦ ምክንያት፣ ክስተት፣ ውጤት። እንዲህ፦ «መኪናችን በጣም ያረጀ ስለሆነ (ምክንያት)፣ በዘር ወቅት ሊቆም ይችላል (ክስተት)፤ ከቆመ ምርጥ ዘር ሩቅ ላሉት ቀበሌዎች በጊዜ አይደርስም (ውጤት)።»

«የተሽከርካሪ እጥረት» ከሚለው ጋር አወዳድሩት። የመጀመሪያው ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይጠቁማል፤ ለምሳሌ ሩቅ ላሉት ቀበሌዎች ዘሩን ቀድሞ ማድረስ። ሁለተኛው የሚጠቁመው ነገር ቢኖር ማዘንን ብቻ ነው።

የ«ለምን?» መሰላል

ስጋት ከዓላማ የሚነሳ ከሆነ፣ መጀመሪያ ዓላማችንን ማወቅ አለብን። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ዕቅድ ውስጥ በብዛት የሚጻፈው ዓላማ ሳይሆን ሥራ ነው፦ «ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ማሰራጨት።» እስቲ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለምን ማዳበሪያ እናሰራጫለን? ምርት እንዲጨምር። ምርት ለምን ይጨምር? የገበሬው ቤተሰብ ከድህነት እንዲወጣ።

በየደረጃው ስትወጡ የሚታያችሁ ነገር ይሰፋል። ታችኛው ደረጃ ላይ ቆማችሁ «ምን ሊያሰናክለን ይችላል?» ካላችሁ፣ የሚታያችሁ መኪና፣ መጋዘንና ክፍያ ነው። መካከለኛው ላይ ዝናብ፣ በሽታና አረም ይታያችኋል። ላይኛው ደረጃ ላይ ስትደርሱ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፦ ምርቱ ቢጨምር የሚወስደው ማን ነው? ዋጋውስ ምን ይሆናል? መሬቱ የማን ነው?

የመጀመሪያው ታሪካችን እዚህ ላይኛው ደረጃ ላይ የተፈጸመ ነው።

ካዱ፦ ዘሩ በቀለ፣ ገበሬው ተነቀለ

እ.ኤ.አ. በ1967፣ በእኛ አቆጣጠር በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. መካከል፣ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በያኔው የአሩሲ ጠቅላይ ግዛት፣ ጭላሎ አውራጃ ውስጥ፣ አንድ ድርጅት አቋቋሙ። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነው፤ ሰዉ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ካዱ» ይለዋል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አሰላ ነበር። ጮሌ ያን ጊዜ አርባ ጉጉ አውራጃ ውስጥ ስለነበረች አልተካተተችም፤ የእሷ ተራ የመጣው በኋላ ነው።

የካዱ ዓላማ በጊዜው ከነበሩት ብዙ ፕሮጀክቶች ይለያል። ሰፋፊ የንግድ እርሻዎችን ማስፋፋት ሳይሆን አነስተኛ ገበሬውንና ጭሰኛውን ከድህነት ማውጣት ነበር። መንገዱ ደግሞ ብልህ ነበር። ከአሰላ በስተሰሜን ባለችው ኩሉምሳ ዝርያዎች ይሞከራሉ፤ የተሻለው ዘር ከማዳበሪያ ጋር በብድር ለገበሬው ይሰጣል፤ የልማት ሠራተኛ ማሳው ድረስ ይወርዳል፤ ምርቱን የሚረከብ የገበያ ጣቢያ ይከፈታል። መንገድ፣ ውሃ፣ የተዳቀሉ የወተት ላሞችም ነበሩበት።

ሠራ? አዎ፣ ሠራ። ዘርና ማዳበሪያ በብድር የሚወስደው ገበሬ ከጥቂት መቶዎች ተነስቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ደረሰ። የስንዴው ምርትም በግልጽ ጨመረ። ከዓለም ዙሪያ ሰዎች ሊያዩት አሰላ ድረስ ይመጡ ነበር።

አሁን መሰላሉን ውጡ። መሬቱ የማን ነበር? በጭላሎ ከገበሬው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ጭሰኛ ነበር፤ የሚያርሰው የባለመሬት መሬት ነው። ካመረተው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። ውሉም አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው፤ ወረቀት የለም። ባለመሬቱ «ከርሞ አትምጣ» ካለው፣ በቃ፣ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

እስቲ ራሳችሁን በባለመሬቱ ቦታ አድርጉ። ድሮ መሬታችሁ ትንሽ ነው የሚያመርተው፤ ድርሻችሁን ተቀብላችሁ ከተማ ትኖራላችሁ። ድንገት ያው መሬት በአዲሱ ዘርና ማዳበሪያ ብዙ መስጠት ጀመረ። መንግሥት ደግሞ የሚገባ ትራክተርንና የእርሻ ነዳጅን ከቀረጥ ነፃ አድርጓል። ምን ትላላችሁ? «ለምን ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ? ትራክተር አስገብቼ ሁሉንም ለምን አልወስድም?»

ብዙዎቹ ይህንኑ አሉ። በተለይ በሰሜኑ የጭላሎ ሜዳ፣ ኢተያ አካባቢ፣ ለትራክተር የሚመች ሰፊ መሬት ነበር። ትራክተሮቹ ገቡ፤ ጭሰኞቹ ወጡ። ባልወጡበትም የመሬት ኪራይ ጨመረ።

ይህን ልብ በሉ፦ ካዱ ሥራው አልከሸፈበትም። ከታችኛው ደረጃ ሆናችሁ ብትመዝኑት፣ ዘሩ ተባዝቷል፣ ማዳበሪያው ተሰራጭቷል፣ ምርቱ አድጓል፤ ሁሉም ጎን «ተከናውኗል» የሚል ምልክት ይደረጋል። ከላይኛው ደረጃ ስትመለከቱት ግን፣ ድርጅቱ ሊረዳቸው ከተነሳላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ከመሬታቸው የተነቀሉት ሥራው ስለተሳካ ነው። ምርቱ ባይጨምር ኖሮ ባለመሬቱ ትራክተር ለማምጣት ባልተጣደፈ ነበር።

አልታወቀም ነበር?

ታውቆ ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበው። የመሬት ጉዳይ ያን ጊዜ ሁሉም የሚያወራው ነገር ነበር፤ የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966፣ ማለትም ካዱ ከመመሥረቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተቋቁሟል። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል የሕግ ረቂቅም ለፓርላማ ቀርቦ ነበር። ስዊድንም ሕጉ እንዲወጣ ትወተውት ነበር። ረቂቁ ግን ከዓመት ዓመት እየተንከባለለ ሳይጸድቅ ቀረ። የድርጅቱ የራሱ ባለሙያዎችም ዝም አላሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ሄኖክ ክፍሌ የትራክተር እርሻ አነስተኛ ገበሬው ላይ ያስከተለውን የሚመረምር ጥናት አሰላ ላይ በካዱ ስም አሳትመዋል።

ዕቅድ አውጪዎች «ታሳቢ» የሚሉት ነገር አለ። እኛ የማንቆጣጠረው፣ ግን እውነት ይሆናል ብለን የምንነሳበት ነገር ነው። የካዱ ዋና ታሳቢ «የጭሰኝነት ሕጉ ይወጣል» የሚል ነበር። ታሳቢን ስታዩ ይህን አስታውሱ፦ ታሳቢ ማለት ተገልብጦ የተጻፈ ስጋት ነው። «ሕጉ ይወጣል» የሚለውን ገልብጡት፤ «ሕጉ ባይወጣስ?» የሚል ጥያቄ ታገኛላችሁ። ይህን ጥያቄ ዘር ከመሰራጨቱ በፊት መጠየቅና ዘሩ ከበቀለ በኋላ መጠየቅ እኩል አይደሉም።

ካዱ በኋላ ላይ ብዙ መሬት ላላቸው ብድር መስጠትን ገደበ፣ ጭሰኞች የጽሑፍ ውል እንዲኖራቸው ጣረ። ትራክተሩ ግን አንዴ ገብቷል። ትልልቆቹ ባለመሬቶች የካዱን ብድር አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ዕውቀቱን ነው፣ እሱን ደግሞ ማሳ አይተው መቅዳት ይችላሉ።

ነገሩን የቀየረው አብዮቱ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፣ ጭሰኝነትንም አስቀረ። ከዚያም ካዱ «አርዱ» በሚል ስም ወደ መላው አርሲ ሰፋ። ጮሌም የተካተተችው በዚህ ጊዜ ነው።

«እና ካዱ ባይኖር ይሻል ነበር?» ብትሉኝ፣ አይ፣ እንደዚያ ማለት ይከብዳል። ትራክተር ከቀረጥ ነፃ በሆነበት አገር ያለ ካዱም መምጣቱ የሚቀር አይመስልም። ኩሉምሳም ዛሬ ድረስ የአገሪቱ ዋነኛ የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው። ይህ ሁሉ ግን የተባረረውን ቤተሰብ ወደ ማሳው አልመለሰውም።

ስጋትን በቁጥር መመዘን

ወደ ጮሌ ጠረጴዛችን እንመለስ። ስጋቶቹን ከጻፋችሁ በኋላ የትኛውን እንደምታስቀድሙ መወሰን አለባችሁ። የተለመደው ዘዴ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ የመከሰት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢከሰት ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ለሁለቱም ከ1 እስከ 5 ነጥብ ትሰጡና ታባዛላችሁ። እነዚህን ቁጥሮች እኔ ለልምምድ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፦

መኪናው በዘር ወቅት ይቆማል፦ ዕድል 4፣ ጉዳት 2፣ ውጤት 8።

አብዛኛው ማሳ በአንድ የስንዴ ዝርያ ተሸፍኖ ሳለ በሽታ ይገባል፦ ዕድል 2፣ ጉዳት 5፣ ውጤት 10።

ሁሉም ገበሬ ባንዴ ስለሚሸጥ ምርት ሲደርስ ዋጋ ይወድቃል፦ ዕድል 3፣ ጉዳት 4፣ ውጤት 12።

ቀላል ነው አይደል? ግን ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ ቁጥሩ እውነት አይደለም፤ የውይይት መነሻ ነው። አንዱ ባልደረባችሁ 2 ሲል ሌላዋ 4 ካለች፣ አማካዩን 3 ብላችሁ አትለፉት። «አንቺ ምን አይተሽ ነው 4 ያልሽው?» ብላችሁ ጠይቋት። ጠቃሚው መረጃ ያለው መልሷ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ማባዛት ልዩነትን ይደብቃል። ዕድል 5 ጉዳት 1፣ 5 ነው። ዕድል 1 ጉዳት 5ም፣ 5 ነው። የመጀመሪያው በየሳምንቱ የሚያናድድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው አንዴ ከመጣ የማይጠገን ነው። የማይጠገነውን ለብቻው አውጥታችሁ እዩት።

ሦስተኛ፣ ነጥቡን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይወስናል። የካዱ ዕቅድ ሲወጣ አንድ የኢተያ ጭሰኛ ስብሰባው ላይ ተቀምጦ ቢጠየቅ ኖሮ፣ «መሬቱ ብዙ ከሰጠ ጌታዬ ይፈልገዋል» ለማለት ጥናት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ጉዳቱ የሚያርፍበት ሰው ብዙ ጊዜ ከባለሙያው ቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛው ታሪክ፦ ከቢጫው ሸሽቶ ወደ ግንዱ

ነጥቦቹ ደግሞ ቆመው አይጠብቁም። ይህን የሚያሳየን የስንዴ ዋግ ነው። ዋግ የሚያመጣው በዓይን የማይታይ የሻጋታ ዘር ያለው ፈንገስ ነው፤ ዘሩን ነፋስ ከማሳ ማሳ፣ ከአገር አገርም ይወስደዋል። ሦስት ዓይነት ነው፦ ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ። አንዳንድ የስንዴ ዝርያዎች የሚቋቋሙት ጂን አላቸው። ፈንገሱም ግን ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን ያን ጂን የሚያልፍ አዲስ ዓይነት ይመጣል።

ኩብሳ የሚባል ዝርያ ብዙ ስለሚያመርት በኢትዮጵያ በጣም ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ተነስቶ በአገሪቱ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ የስንዴ ማሳ አጠቃ። ገበሬው ምን አደረገ? ትክክለኛውን ነገር፤ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋም ሌላ ዝርያ ዞረ። ከእነዚህ መካከል ዲገሉ አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ ስሙም አርሲ ውስጥ ካለችው ዲገሉ ጋር አንድ የሆነ። ዲገሉ ያን ጊዜ ዓለምን ያስፈራውን፣ ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘውን «ዩጂ 99» የተባለ የግንድ ዋግ ጭምር ይቋቋማል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

በጥቂት ዓመት ውስጥ ዲገሉ የአርሲንና የባሌን ማሳ በብዛት ሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ በእኛ 2006 ዓ.ም. መኸር ላይ፣ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት መጣ። ዩጂ 99 አልነበረም፤ ከሌላ ዘር ነው። ዲገሉን ግን አልማረውም። አንዳንድ ማሳ ላይ የሚታጨድ ነገር እስኪጠፋ ድረስ ጨረሰው።

ከካዱ ታሪክ ጋር አስተያዩት። ዲገሉ የተስፋፋው ጥሩ ስለነበር ነው። ሲስፋፋ ግን ስጋቱም አብሮት አደገ፤ ምክንያቱም አንዲት የፈንገስ ዘር የትም ብትወድቅ የምትፈልገውን ስንዴ ታገኛለች። ሠንጠረዡ ላይ ጉዳት 2 የነበረው፣ ማንም ሳያርመው 5 ሆነ።

በቀላል ሒሳብ እንየው። 100 ማሳ አለ እንበል። ሁሉም አንድ ዝርያ ከዘራ፣ ያን ዝርያ የሚያሸንፍ ዋግ ሲመጣ 100ውም አደጋ ላይ ነው። አራት የተለያየ የመቋቋም ጂን ያላቸው ዝርያዎች 25፣ 25 ማሳ ቢዘሩስ? አንዱን የሚያሸንፍ ዋግ ቢመጣ የሚጠቁት 25 ገደማ ናቸው። «የሆነ ማሳ፣ የሆነ ዓመት ይጠቃል» የሚለው ዕድል ሊጨምር ይችላል፤ «ወረዳው በሙሉ ባዶ እጁን ይቀራል» የሚለው ዕድል ግን በጣም ይቀንሳል። ለአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አስፈሪው የትኛው ነው? ሁለተኛው።

ከተመዘነ በኋላስ?

ስጋት ላይ ማድረግ የሚቻለው ብዙ አይደለም፤ አራት ነገር ነው። ማስወገድ፦ ነገሩን ጭራሽ አለመጀመር። መቀነስ፦ ዕድሉን ወይም ጉዳቱን ማሳነስ፤ ዝርያዎችን ማፈራረቅ እንዲህ ነው። ማጋራት፦ ለምሳሌ በሰብል ኢንሹራንስ። መቀበል፦ አውቆ፣ ተዘጋጅቶ መሸከም። ሳያውቁ መሸከም ግን መቀበል አይባልም፤ እሱ መዘናጋት ነው።

ከአራቱም ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ መከታተል። አያቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ለዋግ ዛሬ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የአየር ትንበያ ድርጅት አብረው የሠሩት ነው። ባለሙያዎች ማሳ ላይ ያዩትን በሽታ ያስመዘግባሉ፤ የአየር ትንበያ ሞዴል ነፋሱ የፈንገሱን ዘር ወዴት እንደሚወስደውና የት እርጥበት እንደሚያገኝ ያሰላል፤ ማስጠንቀቂያው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች ይላካል። የሚገኘው ጊዜ የአንድ ሳምንት ያህል ነው። ፀረ ፈንገስ ለመርጨት ደግሞ አንድ ሳምንት ብዙ ነው።

ካዱስ ምን መከታተል ነበረበት? ኩንታል መቁጠር በቂ አልነበረም፤ ኩንታሉ እየጨመረ ነበራ! የሚያስፈልገው ቁጥር ሌላ ነው፦ «አምና እዚህ ያርሱ ከነበሩት ጭሰኞች ዘንድሮም ማሳቸው ላይ ያሉት ስንቶቹ ናቸው?» ከዚህ ቁጥር ጋር ማቆሚያ መስመር ይኖራል። ቁጥሩ ከዚህ በታች ከወረደ፣ ወደ አዲስ አካባቢ አንሰፋም፤ ቆም ብለን እናያለን። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን፣ አንድ ድርጅት ያለው ትልቁ አቅም ቀጣዩን እርምጃ መቼ እንደሚራመድ ራሱ መወሰኑ ነው።

የሕዝብ መሥሪያ ቤት ከነጋዴ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ነጋዴ ስጋት ሲስት የሚያጣው የራሱን ገንዘብ ነው። የሕዝብ መሥሪያ ቤት ሲስት ግን ሠራተኛው ደመወዙን ይቀበላል፣ ሪፖርቱም ይጻፋል። ኪሳራው የሚያርፈው ሠንጠረዡ ላይ ስሙ በሌለ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስጋት ጎን አንድ ተጨማሪ ዓምድ ጨምሩ፦ «ቢደርስ የሚጎዳው ማን ነው?»

አሁን እናንተ ሞክሩ

በትምህርት ቤታችሁ አንድ የምታውቁትን ሥራ ውሰዱ፤ የችግኝ ተከላ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የቤተ መጻሕፍት ክበብ ሊሆን ይችላል። ሦስቴ «ለምን?» ብላችሁ ዓላማውን አግኙ። ታሳቢዎቹን ጻፉና አንድ በአንድ ገልብጧቸው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠይቀዋል፦ «ባይሳካስ?» ሁለተኛውን የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ «ቢሳካልንስ?» ችግኙ ሁሉ ቢጸድቅ ውሃ ማጠጫው ይበቃል? የማጠናከሪያው ክፍል በጣም ቢወደድ፣ ቀድመው ቦታ የሚይዙት ጎበዞቹ ይሆኑና የደከሙት ደጅ ይቀሩ ይሆን?

ለጮሌዋ ገጽ ደግሞ ቢያንስ ይህቺን መስመር ጻፉላት፦ «አንድ ዝርያ በጣም ስለተወደደ አብዛኛው ማሳ በእሱ ሊሸፈን ይችላል፤ ያን ጊዜ አንድ አዲስ ዋግ ቢመጣ የወረዳው ገበሬ ሁሉ ባንድ መኸር ሊከስር ይችላል። የሚጎዳው፦ ሌላ ገቢ የሌለው ቤተሰብ። የምንከታተለው፦ በየቀበሌው የአንድ ዝርያ ድርሻ። ማቆሚያ መስመር፦ ከግማሽ ሲያልፍ ሌላ ዝርያ እናቀርባለን።»

ኃላፊያችሁ መነጽራቸውን አውልቀው «ገበሬው የወደደውን ቢዘራ እኛ ምን አገባን?» ይሉ ይሆናል። የዲገሉን ታሪክ ንገሯቸው። ጊዜ ካላቸው የካዱንም።